እግራችሁን አንሡ፦ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ስኖርክሊንግና የባሕር ዳር ተፈጥሮ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ለአዲስ አበባ ሰው በጣም ቅርብ ስለሆነ የኮራል ባሕር ነው። ኮራል ድንጋይ የመሰለ አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ ነው። ስሙ ሲነሣ ሐሳባችን ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ ማልዲቭስ ይሄዳል፤ ጂቡቲ ሲባል ደግሞ ወደብ፣ ኮንቴነርና ሙቀት ይመጣብናል። ከቦሌ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ በረራ ግን ጂቡቲ ከተማ ይደረሳል፤ ከከተማዋ ፊት ለፊት የተዘረጋው ውሃ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ ከደረት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ኮራል ይጀምራል። ለማየት ጠላቂ መሆን ወይም የአየር ሲሊንደር መሸከም አያስፈልግም።

ስኖርክሊንግ ማለት በደረት ተንሳፍፎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ አስገብቶ፣ በአጭር ቱቦ እየተነፈሱ ታች ያለውን ማየት ነው። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ኮራል ባለበት ውሃ ውስጥ አትቁሙ። ኮራል የሚሰበረው ሰው ሲቆምበት ነው። የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ የሚቀረውም፣ ስቶን ፊሽ የሚባለው መርዘኛ ዓሣ የሚወጋውም ሰው ሲቆም ነው። አሸዋው ተበጥብጦ ውሃው የሚደፈርሰውም ሰው ሲቆም ነው። ሰው የሚቆመው ደግሞ ስለደነገጠ፣ መነጽሩ ስለፈሰሰ፣ ቱቦው ውሃ ስለያዘ ወይም የባሕሩ ሙላት ጎድሎ ሆዱ ድንጋይ ስለነካ ነው። ስለዚህ ስለ ሰዓት፣ ስለ ዕቃና ስለ ልምምድ የምናነሣው ሁሉ እግራችንን ሳናወርድ ተንሳፍፈን እንድንቆይ ነው።

ቦታው

ታጁራ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ጥንታዊ የአፋር ከተማ ናት። ለዘመናት የሸዋ ሲራራ ነጋዴ ከባሕር ጋር የሚገናኝባት በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊሊያም ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ወደ አንኮበር ጉዞ የጀመረው ከዚችው ከተማ ነው። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሳብል ብላን የሚባለው ዳርቻ ይገኛል። ከኋላው ደረቅ ድንጋያማ ኮረብታ፣ ከፊቱ ነጭ አሸዋ፣ ከአሸዋው ጥቂት ዋና ርቆ ደግሞ ኮራል። ቀላል የማደሪያ ካምፕ አለ እንጂ ሱቅም ፋርማሲም የለም።

ከጂቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ በመኪና 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የባሕረ ሰላጤውን ጫፍ ዞሮ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአሳል ሐይቅ አካባቢ ያልፋል። በፌሪ ከሆነ እንደ ባሕሩ ሁኔታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ፌሪው በየቀኑ ስለማይሠራ መነሻውን ከአንድ ቀን በፊት አረጋግጡ። ከታጁራ ወደ ዳርቻው ያለው መንገድ ሻካራ ነው፤ ታክሲ ከመያዝ ከፍ ያለ መኪና ወይም ጀልባ መከራየት ይሻላል።

ሌሎች ሁለት ቦታዎችም አሉ። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች ከጂቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ በጀልባ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረሳል። ጥበቃ የሚደረግላቸው ስለሆኑ ዓሣ ማጥመድና ከባሕሩ ማንኛውንም ነገር ማንሣት ክልክል ነው። አርታ ዳርቻ ደግሞ ከከተማው ወደ ምዕራብ ሲሆን ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ የሚታይበት ቦታ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ለጀማሪ ግን ሳብል ብላንን እንመርጣለን። ከአሸዋው ተነሥቶ ስለሚገባ የደከመው ሰው መሬት ቅርቡ ነው። ከጀልባ ላይ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ዘሎ የሚጀምር ጀማሪ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከድንጋጤ ጋር ሲታገል ያሳልፋቸዋል።

አርብና ቅዳሜ የጂቡቲ የዕረፍት ቀናት ናቸው፤ ጀልባውም ዳርቻውም ይሞላል። ጸጥታ የሚፈልግ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ይሂድ። ታጁራ አጥባቂ ሙስሊም ከተማ ናት፤ የዋና ልብስ ለዳርቻው ብቻ ይሁን፣ ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ወደብ፣ አየር ማረፊያና የጦር ሠፈር ፎቶ አታንሡ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ዕቃን ማስወረስ ነው። ገንዘቡ የጂቡቲ ፍራንክ ሲሆን አንድ ዶላር በ178 ፍራንክ ግድም የታሰረ ነው፤ ታጁራ ላይ ካርድ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ።

ወሩ፣ ሰዓቱና ሙላቱ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ውሃው በአብዛኛው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ፣ አየሩም የሚቻል ይሆናል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ደረቅና አሸዋ የቀላቀለ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕር ዳር መዋል ለጤና አደገኛ ነው። የገናና የጥምቀት በዓላት በጥሩው ወቅት መሃል ስለሚውሉ ለኛ ይመቻል።

ከወሩ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። በጂቡቲ ባሕሩ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሙላቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጠዋት ላይ ሁለት ሜትር ውሃ የነበረበት ኮራል ከሰዓት በኋላ ራሱ ብቅ ሊል ይችላል ማለት ነው። በጉድለት የገባ ሰው ሆዱ ከኮራሉ ጋር ይፋተጋል፤ ለማምለጥ እጁን ይዘረጋል፣ እጁ ሲቆረጥ ይቆማል። ከዚያ የሚመጣውን አስቀድመን ብለነዋል።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከደረታችሁ በታች እስከ ኮራሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ውሃ ይኑር። ጥሩው ጊዜ ሙላቱ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ሙላቱ እስኪቆም ድረስ ነው። ውሃ እየሞላ ሲመጣ ከጥልቁ ጥሩውን፣ ጥርት ያለውን ይዞ ይመጣል፤ እየጎደለ ሲሄድ የዳርቻውን ድፍርስ ይዞ ወደ ውጭ ይስባል፣ ሰውንም ጨምሮ። የሙላት ሰንጠረዥ በኢንተርኔትም በስልክ መተግበሪያም በቀላሉ ይገኛል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ሰንጠረዡም ጀልባ ነጂውም የሚናገሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ተነሡ ከተባለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፌሪ ያመለጣቸው መንገደኞች ብዙ ናቸው።

ነፋሱ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ከፍ ብላ ውሃውን ታበራለች፣ ማዕበሉም ገና አልተነሣም። ሙላቱ በዚህ ሰዓት የሚውልበትን ቀን ከሙላት ሰንጠረዡ አይታችሁ ትኬት ብትቆርጡ የጉዞው ግማሽ ተሳካ። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ በተለይ ያታልላል፤ ዳር ላይ ውሃው የተኛ ይመስላል፣ መቶ ሜትር ገባ ሲሉ ግን ወደ ውጭ ይገፋል። ከመግባታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ላዩ ላይ ያለ አረፋ ወይም ቅጠል ወዴት ነው የሚሄደው? ጉዞውን ከዚያ በተቃራኒው ጀምሩ፤ ስትደክሙ ውሃው ራሱ ይመልሳችኋል።

ዕቃው

በመጀመሪያ መነጽሩ። አፍንጫን የሚሸፍን፣ መስተዋቱ የጠነከረ፣ ዙሪያው ለስላሳ ሲሊኮን የሆነ መሆን አለበት። ዓይን ብቻ የሚሸፍነው የገንዳ መነጽር ለዚህ አይሆንም፤ ሁለት ሜትር እንኳ ጠለቅ ሲሉ ውሃው ወደ ዓይን ይጫነዋል፣ በአፍንጫ ተንፍሶ ማስተካከል አይቻልም። ልኩን ስትፈትሹ ማሰሪያውን ተዉት። ፀጉርን ከግንባር መልሳችሁ መነጽሩን ፊታችሁ ላይ አስቀምጡ፣ በአፍንጫ በቀስታ ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁ። አሥር ሰከንድ ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ማሰሪያው ከጭንቅላት ጀርባ ሰፊው ቦታ ላይ ይዋል እንጂ ጆሮ ላይ አይውረድ። ሲፈስ ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ግን ራሱ መጥበቁ ነው፣ ሲሊኮኑ ይታጠፋል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማሰሪያውን ከሹሩባው በላይ ታውለው፤ ከግንባር የወረደች አንዲት ክር ፀጉር ከሲሊኮኑ ሥር ከገባች ውሃ ታስገባለች። ጢም ያለው ደግሞ ከአፍንጫ ሥር ያለውን ጠርዝ በቀጭኑ ቢላጭ ችግሩ ይቀንሳል።

አዲስ መነጽር ከፋብሪካ ቀጭን ንጣፍ ይዞ ስለሚመጣ ያለማቋረጥ ጉም ይሠራል። ተራ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት ይዛችሁ የውስጡን መስተዋት ሁለት ደቂቃ እሹት፣ እጠቡት፣ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ቀብታችሁ በባሕር ውሃ ቶሎ አለቅልቁት።

ቱቦው ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። ረጅም ቱቦ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ቱቦ በረዘመ ቁጥር ያስወጣነው የተቃጠለ አየር እዚያው ይቀርና መልሰን እንስበዋለን፤ ደረትም ከውሃው ሥር በወረደ ቁጥር የውሃው ክብደት ስለሚጫነው አየር መሳብ ያቅተዋል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን መነጽር ለጀማሪ አንመክርም፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የተቃጠለ አየር ይጠራቀማል፣ ውሃ ሲገባበትም ቶሎ አይወልቅም።

የእግር መቅዘፊያው፣ ፊን የሚባለው፣ ተረከዝ ድረስ የሚሸፍን ጫማ ዓይነት ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ እግር ይልጣል፣ ጠባብ ከሆነ ቁርጥማት ያመጣል። ሙሉ እጅ ያለው ጠባብ የዋና ሹራብ ከሰንስክሪን ሁሉ ይበልጣል። ጀርባ ለአንድ ሰዓት ወደ ላይ ተሰጥቶ እንደሚቆይ አትርሱ፤ ቆዳው ጥቁር የሆነም ይቃጠላል። ለተጋለጠው ቦታ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ተጠቀሙ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ኬሚካሎች ኮራል ይጎዳሉ ተብለው ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ ከልክላለች።

ደጋ ያደግን አብዛኞቻችን ዋና የተማርነው ካደግን በኋላ ነው፤ ያልተማርንም ብዙ ነን። ጀልባ ላይ የሚሰጠው ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ነፍስ ለማዳን የተሠራ ስለሆነ አገጭን ወደ ላይ ይገፋል፤ ፊትን ወደ ታች ለማድረግ የሚሞክር ሰው አንገቱ ይዝላል። በአፍ የሚነፋ ቀጭን የስኖርክሊንግ ጃኬት ይሻላል፤ ግማሽ ያህል ሲነፋ ሰውን በደረቱ አጋድሞ ያንሳፍፈዋል። አስቀድማችሁ ግዙ፣ እዚያ አታገኙትም።

ልምምዱ

ይህ ከመሄዳችሁ በፊት፣ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ የሆቴል ገንዳ ውስጥ የሚሠራ ነው። ላንጋኖም ለመንሳፈፍ ልምምድ ይሆናል፤ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ግን ታች ማየት አይቻልም። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጀምሩ። መጀመሪያ ቆማችሁ፣ መነጽርና ቱቦ አድርጋችሁ ፊታችሁን ብቻ አስገቡና አምስት ደቂቃ ተንፍሱ። አራት ሰከንድ ሳቡ፣ ስድስት ሰከንድ አውጡ። አጭር አጭር ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ ያለውን አሮጌ አየር መልሶ ያመጣዋል፤ ጭንቀት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ቱቦውን ማጽዳት። ቱቦውን ሆን ብላችሁ ውሃ ሙሉት፣ ከዚያ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ገፍታችሁ አውጡት፣ ቀጥሎ ያለውን አየር በጥንቃቄ፣ ምላስን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሳቡ፤ የቀረች ጠብታ ትኖራለች። መነጽሩ ውሃ ሲገባው የላይኛውን ጠርዝ በጣት ተጭናችሁ፣ ቀና ብላችሁ በአፍንጫ አውጡ፤ ውሃው ከታች ይወጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ችግር ሲገጥም መገልበጥ። ቱቦውን ትፉ፣ በጀርባ ተገልበጡ፣ ጆሮአችሁን ውሃ ውስጥ ተዉት፣ ወደ ሰማይ እያያችሁ ተንፍሱ። ይህን ሃያ ጊዜ አድርጉት፣ ሳታስቡበት የሚመጣ እስኪሆን። በድንጋጤ ጊዜ እግር ወደ ታች መፈለጉ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ልምምዱ ያንን በሌላ እንቅስቃሴ ለመተካት ነው። ግድ መቆም ካለባችሁ፣ አሸዋ ላይ መሆናችሁን አይታችሁ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ፣ እጃችሁን ወደ ታች ግፉ፣ ራሳችሁ ቀና ሲል እግራችሁን በቀስታ አውርዱ።

ቀዘፋው ከዳሌ ይመጣል፤ ጉልበት እያጠፉ እንደ ብስክሌት መርገጥ ፊኑን ኮራሉ ላይ ይጥለዋል። የእጅ መቅዘፍ አያስፈልግም፣ እጅ ደረት ላይ ይታጠፍ። ፊን ያለው ሰው ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ከኋላው ስለሆነ አያየውም። ቅርንጫፍ የሚያወጣው ኮራል በዓመት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል፤ ድቡልቡሉ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ድቡልቡል ኮራል የምኒልክን ዘመን ያየ ሊሆን ይችላል።

ሲገባ

ዳርቻው ላይ ቆማችሁ የውሃውን ቀለም አንብቡ። ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ አሸዋ ነው፣ ጠቆር ያለው ኮራል ወይም የባሕር ሣር ነው። ፈዛዛው መስመር እስከ ጥልቁ የሚዘልቅበትን መግቢያ ፈልጉ። ፊኑን በእጅ ይዛችሁ፣ እግራችሁን ሳታነሡ አሸዋውን እየጠረጋችሁ ሂዱ፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ንዝረቱን ሰምቶ ይሸሻል፣ ከረገጡት ግን በጭራው ይወጋል። ወገብ ሲደርስ ተጋደሙና ፊኑን አጥልቁ። ፊን አድርጎ ወደ ፊት መራመድ መውደቅ ነው።

ሁለት ሁለት ሁናችሁ ግቡ። ጡጫን አናት ላይ ማሳረፍ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ እጅን ከፍ አድርጎ ማወዛወዝ ድረሱልኝ ማለት ነው። ጠልቃችሁ ማየት የምትፈልጉ በየአንድ ሜትሩ አፍንጫ ይዛችሁ በቀስታ በመንፋት ጆሮአችሁን አስተካክሉ። ከመጥለቅ በፊት በፍጥነት ደጋግሞ መተንፈስ ፈጽሞ ክልክል ይሁን፤ የመተንፈስ ስሜትን የሚቀሰቅሰውን ጋዝ ስለሚቀንስ ሰው ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ መግባትም እንዲሁ፤ ጫት የልብ ምትን ይጨምራል፣ ድካምን ይደብቃል።

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ውሃ ያዙ። የመጀመሪያው ዙር ከሠላሳ ደቂቃ አይለፍ። 28 ዲግሪ ውሃ ሙቅ ቢመስልም ከሰውነት ሙቀት ያነሰ ነው፤ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው ወዲያው ይውጣ።

ምን ይታያል

ብዙ መዋኘት ብዙ ማየት አይደለም። አንድ ኮራል ላይ አሥር ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ተንሳፈፉ። በመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉም ይሸሻል፤ በሦስተኛው ትንንሾቹ ከቅርንጫፎቹ መካከል ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን ይቀጥላሉ። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ፣ በሩብ ያህልም ቀርቦ እንደሚታይ አስታውሱ፤ ቅርብ መስሏችሁ የምትዘረጉት እጅ አይደርስም፣ ባይደርስም ይሻላል።

መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፅ ነው። ፓሮት ፊሽ የሚባለው አረንጓዴና ሐምራዊ ዓሣ መንቁር በመሰለ ጥርሱ የሞተ ኮራል ላይ ያለውን፣ አልጌ የሚባለውን ተክል መሰል የውሃ በቀል ሲፍቅ፣ ልክ ጎረቤት ቆሎ ሲቆረጥም እንደሚሰማው ይሰማል። ድንጋዩን አብሮ ይውጠዋል፣ በጉሮሮው ባለ ሁለተኛ ጥርስ ይፈጨዋል፣ ከኋላው ነጭ ዱቄት ለቆ ይሄዳል። ዳርቻው ላይ የተቀመጣችሁበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ እንዲህ የመጣ ነው። አልጌውን እየበላ ለአዲስ ኮራል ቦታ ስለሚያጸዳ፣ ፓሮት ፊሽ የተጠመደበት ባሕር ኮራሉ በአልጌ ይሸፈናል። ምግብ ቤት ቢቀርብላችሁ ሌላ ዓሣ እዘዙ።

ክላውን ፊሽን አኔሞኒ በሚባለው እጀ ብዙ እንስሳ ውስጥ ፈልጉ። የአኔሞኒው እጆች ሌላውን ዓሣ ይለበልባሉ፤ ክላውን ፊሽ ግን ቆዳው ላይ ባለው ዝልግልግ ሽፋን ተጠብቆ እዚያው ይኖራል። ትልቋ ሴት ናት፣ ቀጣዩ ባልዋ ነው። እርስዋ ብትሞት ባልየው ወደ ሴትነት ይለወጣል። መነጽራችሁ ድረስ መጥታ የምትገፋችሁ ከሆነ ጎጆዋ ሥር እንቁላል አለ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ በሉ። ቢራቢሮ ዓሣዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ ሕያው ኮራል ስለሚበሉ፣ በብዛት ማየት ኮራሉ ጤነኛ ለመሆኑ ምልክት ነው። በባሕር ሣሩ ላይ የባሕር ኤሊ ካያችሁ ከላይዋ አትሁኑ፤ ለመተንፈስ የምትወጣበትን መንገድ ትዘጋላችሁ።

ከውሃው ስትወጡ ወደ ላይም ተመልከቱ። በጥቅምትና በኅዳር ከእስያና ከአውሮፓ የሚመጡ አዳኝ ወፎች በባብ ኤል መንደብ በኩል ከየመን ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በመጸው በጂቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ ተመዝግበዋል፤ የስቴፕ ንስር ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ከፊሎቹ ብርዱን የሚያሳልፉት በእኛው ደጋ ነው። ዳርቻው ላይ ደግሞ ሲመሽ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ። ዛጎል አትሰብስቡ፤ ባዶ የመሰላችሁ ዛጎል ለሸርጣን ቤቱ ነው።

ዌል ሻርክ

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ አርታ ዳርቻና በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ ያለው ጉቤት አካባቢ ዌል ሻርኮች ፕላንክተን የሚባሉትን ተንሳፋፊ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለመብላት ይመጣሉ። ዝርያው ከ12 ሜትር በላይ ያድጋል፤ ወደ ታጁራ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሜትር የሆኑ ወጣት ወንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተመድቧል። ለሰው አይተናኮልም፤ ሰው ግን ይጎዳዋል፣ በተለይ የጀልባ ሞተር። ጀልባ ስትከራዩ ከመነሣታችሁ በፊት ከነጂው ጋር ተስማሙ፦ ሻርኩ ሲታይ ሞተሩ ማርሹን ይለቅ፣ መንገዱን አይዝጋ። እናንተም አትዝለሉ፤ ከጀልባው ጎን በቀስታ ተንሸራተቱ። ከአካሉ ሦስት ሜትር፣ ከጭራው አራት ሜትር ራቁ። ከኋላ ማባረር ትርፍ የለውም፣ ቀዝፋችሁ አትደርሱበትም። ከጎኑ ፈንጠር ብላችሁ ጠብቁት፣ በራሱ ጊዜ ያልፋችኋል። ፍላሽ አታብሩ።

ጉዳት ሲደርስ

ኮራል ከቆረጣችሁ በንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ ፈትጋችሁ እጠቡ፤ የቀረች ቅንጣት ታመረቅዛለች። ስቶን ፊሽ፣ ላየን ፊሽ የሚባለው ሌላው መርዘኛ ዓሣ ወይም ሬይ ከወጋ ግን ሕመሙ ከባድ ነው። መርዛቸው በሙቀት ስለሚዳከም የተወጋውን እግር 45 ዲግሪ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት። ሙቀቱን ባልተጎዳው እግር ወይም በጤነኛ ሰው እጅ ለኩ፤ የታመመው አይሰማውም፣ ይቃጠላል። ለዚህ ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ ዳርቻው ላይ ይኑር፣ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ ምድጃም ያዙ። ከዚያ ወደ ታጁራ ሆስፒታል ሂዱ፤ ትንፋሽ ማጠር ካለ ንክሩን አትጠብቁ። የጃርት እሾህ በመርፌ አትቆፍሩት፣ ይሰባበራል፤ ወጣ ያለውን በወረንጦ ሳቡ።

ከተነሡት ጥያቄዎች

*መነጽር የማደርግ ሰው ምን ላድርግ?* በቁጥር የተሠራ መስተዋት ያለው የስኖርክሊንግ መነጽር ይሸጣል። ቁጥራችሁ ትንሽ ከሆነ ውሃው ራሱ ስለሚያገዝፍ ያለሱም ትችላላችሁ። ኮንታክት ሌንስ አድርጎ መግባት ግን ለዓይን ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

*ሌላ ሻርክስ?* ጥልቀት በሌለው ውሃ የምታዩት ጥቁር ክንፈ ጫፍ ያለው ትንሽ የሪፍ ሻርክ ነው። ሰው ሲያይ ይሸሻል። ዓሣ አጥምዶ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አጠገብ ግን አትዋኙ።

*ልጆች ይችላሉ?* መነጽሩ ፊታቸው ላይ ሳይፈስ የሚቀመጥ ከሆነና ገንዳ ውስጥ በጀርባ መገልበጡን ያለ እርዳታ የሚሠሩ ከሆነ ይችላሉ። ዕድሜውን ሳይሆን ይህን ፈትኑ። አንድ ልጅ ለአንድ አዋቂ፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት።

*ነጭ ኮራል ብናይ ሞቷል ማለት ነው?* ገና አልሞተም። ኮራል ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖር አልጌ ነው። የውሃው ሙቀት ከሞቃቱ ወር አማካይ በአንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ አልጌውን ያስወጣል፣ ነጩ አጽሙ በሥጋው በኩል ይታያል። ውሃው ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል፤ ካልበረደ ይራባል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በዓለም አራተኛው ሰፊ የኮራል መንጣት መሆኑ የታወጀው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተው ኮራል ቡናማ ወይም አረንጓዴ የአልጌ ፀጉር ያበቅላል፤ ልዩነቱ በዓይን ይለያል። ነጩን ስታዩ ጉልበት የሌለው ሕመምተኛ መሆኑን አውቃችሁ ይበልጥ ራቁ። ፎቶ አንሡ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን ጻፉ፣ ከዳርቻው ካምፕ ሰዎች ጀምሮ ለአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች አሳዩ። የዌል ሻርክ ፎቶም ካላችሁ ከግራ ጎኑ፣ ከስንጥቦቹ ጀርባ ያለው የነጠብጣብ ንድፍ ጥርት ብሎ የታየበትን ሻርክቡክ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ መጫን ትችላላችሁ፤ ንድፉ ለእያንዳንዱ ሻርክ የተለየ ስለሆነ የት የት እንደታየ የሚታወቀው በዚያ ነው።